ውስጡን ለቄስ፤ በኢስት ኮልፋክስ አሮጌ ቤት ስለ መግዛት

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ በኮሎራዶ፣ ከዴንቨር ጎን ባለችው በአውሮራ ከተማ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ወደ ደቡብ ሁለት ቅያስ ገባ ብሎ በሚገኝ አነስተኛ የቀይ ጡብ ቤት ቤዝመንት ውስጥ፣ አራት ሰዎች አንዲት ትንሽ የቴሌቪዥን መስታወት ከብበን አንገታችንን አስግገን ቆመን ነበር። ከአራቱ ሁለቱ ቤቱን ሊገዙ የተነሡ ባልና ሚስት፣ አንዱ እኔ፣ አንዱም የፍሳሽ ቱቦ መርማሪ ነው። መርማሪው ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ የተሰካበትን ረጅም ገመድ በወለሉ ላይ ካለው የቱቦ አፍ አስገብቶ ቀስ እያለ ይገፋው ጀመር፤ በመስታወቱ ጥግ የሚታየውም ቁጥር ዐሥር ጫማ፣ ሃያ ጫማ እያለ ሲቆጥር ቆይቶ አርባውን አለፍ እንዳለ፣ ከቱቦው መጋጠሚያ ቁልቁል የወረደ፣ የተፈታ ሹሩባ የመሰለ ጥቁር ነገር ድንገት ብቅ አለ። በደጅ የቆመው የጥላ ዛፍ ሥር ነበር። ሚስትየዋ «ኧረ በስመ አብ!» ብላ ወደ ኋላዋ አፈገፈገች።

ከራሳችን በላይ ያለው ቤት ግን ሌላ ወሬ ያወራ ነበር። ግድግዳው ቀለሙ ገና ያልደረቀ የሚመስል ነጭ፣ ወለሉ መልክ የሚያሳይ፣ ማድ ቤቱ እብነ በረድ በሚመስል ድንጋይ የተሸለመ፣ አሻሻጩ ባበራው ሻማም መዓዛው የሚያውድ ስለ ነበር፣ ከአንድ ሰዓት በፊት በር ላይ ስንገባ ባልየው «ይኼማ ሙሽራ ነው» ብሎ ነበር። አባቶቻችን ላዩ አምሮ ውስጡ ለማይታወቅ ነገር «ውስጡን ለቄስ» ብለው የተናገሩት ስለ ሰው ቢሆንም፣ ሙሽራ ስለ መሰለ የሰባ ዓመት ቤትም የተነገረ ያህል የሚስማማ ቃል ነው። ስለዚህ በዚህ ጎዳና ግራና ቀኝ አሮጌ ቤት ለመግዛት የሚያስብ ወገን ሁሉ፣ ዓይኑን ከማድ ቤቱ ድንጋይ ላይ አንሥቶ ወደ መሬቱ፣ ወደ ሽቦው፣ ወደ አየሩና ወደ ሰነዱ እንዲመልስ በማሰብ ያየሁትንና የማውቀውን እጽፋለሁ። የአሜሪካን ነገር ስናገር የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮልፋክስ ስሙን ያገኘው ከ1869 እስከ 1873 በፕሬዚዳንት ግራንት ዘመን ምክትል ፕሬዚዳንት ከነበረው ከስካይለር ኮልፋክስ ነው። በዴንቨር የቁጥር ሥርዓት ቢጠራ 15ኛ ጎዳና መሆን ይገባው የነበረ ሲሆን፣ ይህንንም የማይረሳው በላዩ የሚመላለሰው 15 ቁጥር አውቶቡስ ብቻ ይመስላል። የሰፈሮቹን ዕድሜ ለማወቅ የሚሻ ሰው በዚሁ አውቶቡስ ከመሐል ከተማ ተሳፍሮ ወደ ምሥራቅ ቢጓዝ፣ በመጀመሪያ ከሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ ጀምሮ የተሠሩትን ባለ ፎቅ ካሬ ቤቶችና ሰፊ በረንዳ ያላቸውን የጡብ ቤቶች በኮንግሬስ ፓርክና በፓርክ ሂል ያያል፤ ሞናኮና ኬቤክ የሚባሉትን መንገዶች እያለፈ ሲሄድ ቤቶቹ እያነሱ፣ ጣሪያቸው ዝቅ እያለ ይመጣና፣ የሁለቱ ከተሞች ወሰን የሆነውን የዮሰሚቲ መንገድ ተሻግሮ አውሮራ ሲገባ አብዛኞቹ በ1940ዎቹና በ50ዎቹ የተሠሩ ትንንሽ ቤቶች ሆነው ያገኛቸዋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በ1891 ፍሌቸር ተብላ ተቆርቁራ በ1907 ስሟን የለወጠችው አውሮራ ከመንደርነት ወደ ከተማነት ያደገችው፣ በዙሪያዋ የሎውሪ የአየር ኃይል ሰፈር፣ የስቴፕልተን አውሮፕላን ማረፊያና ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1955 ልባቸውን ታመው የተኙበት የፊትዝሲመንስ የጦር ሆስፒታል ስለ ነበሩ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሰው ወታደርና የማረፊያው ሠራተኛ ቤት ስላስፈለገው ነው። ሎውሪ በ1994፣ ስቴፕልተን በ1995 ተዘጉ፤ ፊትዝሲመንስም ወታደሮቹን አሰናብቶ ዛሬ አንሹትዝ የሚባለው የሕክምና ትምህርትና የሆስፒታሎች ከተማ ሆነ። ቤቶቹ ግን ቀሩ።

ወገኖቻችን ወደነዚህ ቤቶች የሚሳቡት በከንቱ አይደለም። በአንሹትዝ የሌሊት ተረኛ የሆነች ረዳት ነርስ ከሥራ ወጥታ በዐሥር ደቂቃ አልጋዋ ላይ ልትደርስ ትችላለች፤ እንጀራው፣ ቡናው፣ በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱና ፀጉር አስተካካዩ በኮልፋክስና በሃቫና ጎዳናዎች ዳር ዳር ነው፤ እናት ከሀገር ቤት ሲመጡም መኪና ሳይጠብቁ በእግራቸው ወጣ ብለው አማርኛ የሚናገር ሰው ያገኛሉ። ከዚህም ሌላ ብዙዎች የማያስቡት አንድ የገንዘብ ነገር አለ። ከከተማው ዳር በተንጣለሉት አዳዲስ ሰፈሮች ቤት የሚገዛ ሰው፣ ከቤቱ ዋጋ በላይ፣ መንገዱንና የውኃውን መስመር ለመዘርጋት የተወሰደውን ዕዳ በንብረት ግብር አማካይነት ለብዙ ዓመታት የሚያስከፍል ሜትሮ ዲስትሪክት የሚባል አካል፣ በዚያም ላይ አጥሩን ምን ቀለም እንደሚቀባና በደጁ ስንት መኪና እንደሚያቆም የሚወስን የነዋሪዎች ማኅበር ይጠብቀዋል። የማኅበር ጽዋ በወር በወር ለሚያዘጋጅ፣ ለቅሶም ሲደርስበት ሠላሳ መኪና በደጁ ለሚቆምበት ሰው የመጨረሻው ነገር ቀላል አይደለም። በአሮጌዎቹ ሰፈሮች ግን ሁለቱም በአብዛኛው የሉም። ስለዚህ የወር ክፍያን ከወር ክፍያ ሲያነጻጽሩ የአሮጌው ቤት ጥቅም ከዋጋው ልዩነት በላይ ሊሆን ይችላል።

ነገር ግን እኛ አሮጌ ቤትን የምናይበት ዓይን ከሀገራችን ይዘነው የመጣነው ነው። በአዲስ አበባ አሮጌ ቤት የሚገዛ ሰው ቤቱን አያይም፤ ቦታውን ነው የሚያየው። ጭቃው ነገ ይፈርሳል፣ ቆርቆሮው ይሸጣል፣ ካርታው ግን ይቀራል ብሎ ያስባል። ይህም አስተሳሰብ ከታሪካችን የመጣ ነው፤ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው 47 ቁጥር አዋጅ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ በኋላ፣ በ1987ቱም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ ከጸና በኋላ፣ ሰው የሚገዛው ቤት ተብሎ የሚጻፈውን ሲሆን በልቡ የሚገዛው ግን ይዞታውን ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ጥንታዊ ቤቶች ሲፈርሱ ያየ ሰውም ለአሮጌ ግድግዳ ብዙ እምነት ባይኖረው አይፈረድበትም። በኮልፋክስ መሬቱ ራሱ በስምህ ይጻፋል፤ ሆኖም አፍርሰህ ለመሥራት አቅሙ ከሌለህ ሠላሳ ዓመት የምትከፍለው ለዚያው ለቆመው ቤት ነው፤ አበዳሪው ባንክም፣ የመድን ኩባንያውም የሚመረምሩት ቦታውን ብቻ ሳይሆን ጣሪያውን፣ ሽቦውንና ቧንቧውን ነው። ባልየውም በመጀመሪያው ቀን «ዋናው ሰፈሩ ነው፤ ቤቱ ይታደሳል» ያለው በአዲስ አበባ ዓይን እያየ ነበር።

ወደ መሬቱ እንመለስ። በዴንቨርና በዙሪያዋ የሚገኘው አፈር በብዙ ቦታ ቤንቶናይት የሚባል ሸክላ ያለበት ስለሆነ፣ በሀገራችን ዋልካ እንደምንለው አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ይህ አፈር መሠረትን የማንሣትና የማጣመም ኃይል አለው። ስለዚህ የጡብ ቤት ስታይ በመጀመሪያ ዙሪያውን ዙር፤ በጡቦቹ መጋጠሚያ የደረጃ ቅርጽ ይዞ የወጣ ስንጥቅ ካለ፣ ይልቁንም ከላይ ሰፍቶ ወደ ታች የጠበበ ከሆነ፣ ወይም በሮቹ ወደ አንድ ወገን ካዘነበሉና የማይገጥሙ ከሆነ፣ መሠረቱን የሚያይ መሐንዲስ እንዲጠራ ጠይቅ። ፀጉር የምታህል ስንጥቅማ በማንኛውም የሰባ ዓመት ቤት አለች፤ እርሷን አይቶ መሸሽ ሽበት አይቶ ከሰው እንደመሸሽ ነው። ከስንጥቁ ይልቅ ምክንያቱን መፈለግ ይበጃል፤ ብዙ ጊዜም ምክንያቱ አሸንዳው ነው፤ የጣሪያውን ውኃ ከግድግዳው አርቆ በመጣል ፈንታ እዚያው ሥሩ ያፈስሰዋል፤ ወይም ደግ አሮጊት ከግድግዳው ሥር አበባ ተክለው በየማታው ያጠጡታል።

ከመሬቱ በታች ደግሞ ሁለት መስመሮች አሉ፤ የሚገባውና የሚወጣው። የሚወጣው፣ ማለት የፍሳሹ ቱቦ፣ በነዚያ ዘመናት በተሠሩ ቤቶች በአብዛኛው በየጥቂቱ ጫማ የተጋጠመ የሸክላ ቱቦ ነው፤ ሸክላው ራሱ ለዘመናት ይኖራል፣ መጋጠሚያው ግን ለዛፍ ሥር በር ይከፍታል። ከጦርነቱ በኋላ በተሠሩት አንዳንድ ቤቶች ደግሞ ኦራንጅበርግ የሚባል፣ ከእንጨት ጭረትና ከሬንጅ የተሠራ ቱቦ ተቀብሮ ይገኛል፤ ይህ ሲያረጅ እንደ ወረቀት ኩባያ ይጨራመታል፤ ካሜራው ይህን ካሳየ መለወጥ እንጂ መጠገን የለም። ልብ በሉ፤ በዴንቨርም ሆነ በአውሮራ ከቤቱ እስከ ከተማው ዋና ቱቦ ድረስ ያለው መስመር ኃላፊነት የባለቤቱ ነው፤ በመንገዱ አስፋልት ሥር ያለው ክፍል ሳይቀር። ካሜራ ለማስገባት ጥቂት መቶ ዶላር ይበቃል፤ መስመሩን ለመቀየር ግን ዐሥር ሺህን አልፎ መሄድ የተለመደ ነው። በዚህ ገበያ ከዚህ የበለጠ ትርፍ ያለው ወጪ አላውቅም።

የሚገባው መስመር የመጠጥ ውኃው ነው። የዴንቨር የውኃ ድርጅት ከ2020 ጀምሮ ከእርሳስ የተሠሩትን የቤት መግቢያ ቱቦዎች፣ ቁጥራቸው ከ64 ሺህ እስከ 84 ሺህ ተገምቶ፣ ባለቤቱን ቀጥታ ሳያስከፍል እየነቀለ በመዳብ የሚተካበትን የ15 ዓመት ሥራ ይዟል፤ ይልቁንም ከ1951 በፊት የተሠሩት ቤቶች ተጠርጣሪዎች ናቸው። ስለዚህ ከዮሰሚቲ ወደ ምዕራብ ባለው በዴንቨር ወገን ቤት የምትገዙ፣ የቤቱ ቱቦ ተለውጦ እንደሆነ አድራሻውን ሰጥታችሁ ድርጅቱን ጠይቁ። አውሮራ የራሷ የውኃ መሥሪያ ቤት ስላላት የዚያን ወገን የምትገዙ እዚያው ትጠይቃላችሁ። ሕፃን ላለበት ቤት ይህ ከማድ ቤቱ ድንጋይ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ ነው።

ስለ ጡቡ ጥቂት ልበል፤ ከተማዋ በ1863 በእሳት ከጋየች በኋላ በጡብ እንዲሠራ ተደንግጎ ስለ ነበር፣ ዴንቨር የጡብ ከተማ መሆኗ የዚያ እሳት ውርስ ነው። የጥንቱ ጡብ ለስላሳ ሲሆን የተያያዘውም በኖራ ነው፤ ኖራው እርጥበቱን እያስተነፈሰ ጡቡን ያድነዋል። አላዋቂ ግንበኛ ግን የተፈረፈረውን ኖራ አውጥቶ በጠንካራ ሲሚንቶ የሞላው እንደሆነ፣ እርጥበቱ በጡቡ ውስጥ ይታገትና ክረምት ሲቀዘቅዝ የጡቡን ፊት ይልጠዋል። ጡብን በቀለም መቀባትም እንዲሁ ነው። የአሁን አዳሾች ልማድ ጡቡን ጥቁር ወይም ነጭ መቀባት ስለሆነ፣ እንዲህ ያለውን ቤት ባየሁ ቁጥር ከሥሩ ምን ተሸፍኖ ይሆን እላለሁ። ጣሪያው ደግሞ የበረዶ ነገር ነው፤ በረዶ ስል ሀገራችን በረዶ የምንለውን ድንጋዩን ማለቴ ነው። በሜይ 8 ቀን 2017 በዴንቨር አካባቢ የወረደው የመድን ኩባንያዎችን ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያስከፈለ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ኩባንያዎቹ የጣሪያውን ዕድሜ ሳይጠይቁ ውል አይገቡም። እናንተም ከመፈረማችሁ በፊት የመድኑን ዋጋ ጠይቁ።

አሁን ወደ ሽቦውና ወደ ምጣዱ። የ1940ዎቹ ቤት የተሠራው አንድ ራዲዮ፣ ጥቂት አምፖልና አንድ ማቀዝቀዣ ላላት ቤተሰብ ነው። እኛ ደግሞ በዚያ ሽቦ ላይ ቅዳሜ ጧት ምጣዱን እንሰካለን፣ ልብስ ማድረቂያው ይዞራል፣ ፎቅ ላይ ልጁ ኮምፒዩተሩን ከፍቷል፣ ማድ ቤት ውስጥ ማይክሮዌቩ ይጮኻል፤ ከዚያም ቤቱ በሙሉ ጸጥ ይላል፣ የቤቱ አባት ባትሪ ይዞ ወደ ቫልቮላው ሳጥን ይወርዳል። እንጀራ የምትጋግር እመቤት ባለችበት ቤት ይህ ቀልድ አይደለም፤ ምጣድ ብዙ ሰዓት ሳይቋረጥ ኃይል የሚስብ ዕቃ ስለሆነ፣ አሮጌ ሽቦ በግድግዳ ውስጥ እንዲግል ያደርጋል። ስለዚህ የሚመረመሩት ሦስት ናቸው፦ ሳጥኑ ስንት አምፔር እንደሆነ (የድሮዎቹ 60 ነበሩ)፣ ሳጥኑ ፌደራል ፓሲፊክ ወይም ዚንስኮ የሚል ስም እንዳለበትና እንደሌለበት፤ እነዚህ ሊዘጉ ሲገባቸው ባለመዝጋታቸው ስመ ክፉ ስለሆኑ ብዙ የመድን ኩባንያ አይወዳቸውም፤ ሦስተኛም የሶኬቱ ቀዳዳ። ሁለት ቀዳዳ ብቻ ያለው ሶኬት ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ እንደሌለው ይናገራል። ሦስት ቀዳዳ ያለው ግን ሁልጊዜ እውነቱን አይናገርም፤ አዳሹ የሶኬቱን ፊት ብቻ ለውጦ ሽቦውን እንደነበረ ትቶት ሊሆን ይችላልና፣ መርማሪው በመለኪያው ይየው። ቤቱን ከገዛችሁ በኋላ ለምጣዱ የራሱን መስመር ከሳጥኑ ማስወጣት የመጀመሪያው ሥራችሁ ይሁን።

ስለ አየሩ አጭር እናገራለሁ። ራዶን ከመሬት የሚወጣ፣ ሽታና መልክ የሌለው ጨረር ያዘለ ጋዝ ሲሆን፣ ከማጨስ ቀጥሎ ለሳንባ ካንሰር ዋና ምክንያት ነው፤ በኮሎራዶ ከሚመረመሩት ቤቶች ግማሽ ያህሉ ማስተካከያ ከሚጠየቅበት ከ4 ፒኮኩሪ በሊትር በላይ ይገኝባቸዋል። መድኃኒቱ ከባድ አይደለም፤ ከወለሉ ሥር አየሩን ስቦ ከጣሪያ በላይ የሚያስወጣ ቱቦና ማራገቢያ ነው። በ2023 የወጣ የኮሎራዶ ሕግ ሻጭ ስለ ራዶን የሚያውቀውን በጽሑፍ እንዲናገር ያዛል። የእርሳስ ቀለም በመላው አሜሪካ ለቤት መቀቢያነት የተከለከለው በ1978 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት በተሠራ ቤት ሻጩ የሚያውቀውን የማሳወቅ ግዴታ፣ ገዢውም ዐሥር ቀን ወስዶ የማስመርመር መብት አለው። ትንንሽ ልጆች ያሏችሁ የመስኮቱን መቃን እዩ፤ መስኮቱ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚፈገፍገው ቀለም የሚያወጣው አቧራ ነው ልጅን የሚጎዳው። ዘጠኝ ኢንች በዘጠኝ ኢንች የሆነ አሮጌ የወለል ንጣፍ ካገኛችሁ ደግሞ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል፣ ሳታስመረምሩ አትንቀሉት፤ ሳይነካ ከተቀመጠ ብዙ አያስፈራም።

ከዚህ ይልቅ ለወገኖቻችን አደገኛ የሆነው የምድር ቤቱ መኝታ ክፍል ነው። ቤዝመንት የምንለው ይህ ስፍራ በእኛ ዘንድ የሚያገለግለው ብዙ ነው፤ አዲስ ለመጣ ዘመድ ማረፊያ፣ ለምጣድ ማኖሪያ፣ ለኪራይም ገቢ ማግኛ። ነገር ግን ሰው የሚተኛበት ክፍል እሳት ቢነሣ ሰው የሚወጣበት መስኮት እንዲኖረው ሕግ ያዛል፤ የሚከፈተው ቀዳዳ ከ5.7 ካሬ ጫማ እንዳያንስ፣ ደፉም ከወለሉ ከ44 ኢንች በላይ ከፍ እንዳይል። በአሮጌዎቹ ቤቶች የምድር ቤቱ መስኮት በግድግዳው አናት ላይ ያለች ሸርተት የምትል ጠባብ መስታወት ናት፤ በማስታወቂያው «አራት መኝታ» የተባለው ቤት ስለዚህ በሕግ ሁለት መኝታ ሊሆን ይችላል። እናታችሁን የምታስተኙበት ክፍል ነው፤ ይህን ከዋጋ ጋር አታስማሙት።

እንግዲህ ሰነዱ። የኮልፋክስ ጎዳና በአውሮራ ውስጥ የሁለት ካውንቲዎች ድንበር ነው፤ ከጎዳናው ሰሜን አዳምስ፣ ደቡብ አራፓሆ ሲሆን፣ ዮሰሚቲን ወደ ምዕራብ የተሻገረ ደግሞ ከተማም ካውንቲም በሆነችው በዴንቨር ይገኛል። በአንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆሞ ግራ ቀኝ የሚያይ ሰው ሦስት የግብር ገማቾችን፣ ሦስት የሰነድ መዝገቦችን ያያል። ግምቱ በየሁለት ዓመቱ፣ ቁጥሩ ጎደሎ በሆነ ዓመት ይታደሳል፤ ማስታወቂያው በሜይ ይመጣል፤ ግምቱ የበዛበት ባለቤት መቃወም ይችላል፤ ደብዳቤውን ሳይከፍቱ መሳቢያ ውስጥ የሚጥሉ ብዙ ናቸው።

የባለቤትነቱ ሰነድ ሲጣራ አንዳንድ ጊዜ ከጥንት ወረቀቶች መካከል፣ ይህ ቤት ነጭ ላልሆነ ሰው እንዳይሸጥ የሚል ቃል ያለበት ውል ይወጣል። የፌደራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ቃል ፍርድ ቤቶች እንዳያስፈጽሙት በ1948 ፈርዷል፣ የ1968ቱም የፍትሐዊ መኖሪያ ሕግ መድልዎውን ራሱን ከልክሏል። ስለዚህ ቃሉ ሙት ነው፤ ቢሆንም መነበቡ አይከፋም። ከኮልፋክስ በስተሰሜን ያለው የፓርክ ሂል ሰፈር ነዋሪዎች ነጭና ጥቁር አብረው እንዲኖሩ የታገሉበት፣ ማርቲን ሉተር ኪንግም በ1964 በሞንትቪው ቤተ ክርስቲያን የተናገሩበት ስፍራ ነው፤ እኛ ዛሬ ያለ ሥጋት የምንፈርመው ሌሎች ከኛ አስቀድመው ስለ ተጋደሉ ነው።

ገንዘቡስ? እዚህ ላይ ብዙ ወዳጆቼ የሚደናቀፉበት ዕቁቡ ነው። አንድ ሰው የዕቁብ ዕጣ ወጣለትና ሃያ ሺህ ዶላር በጥሬው ይዞ መጥቶ ባንክ አስገባ፤ በሳምንቱም ብድር ሊጠይቅ ሄደ። አበዳሪው የሁለት ወር የባንክ መግለጫ ይጠይቃል፤ ድንገት የገባ ብዙ ገንዘብ ካየ ምንጩን ያስጠይቃል፤ ዳኛና ጸሐፊ ያለው፣ መቶ ዓመት የቆየ ሥርዓት ነው ብለው ቢነግሩት አይገባውም። በዚህ ጊዜ ዘመድ «ስጦታ ነው» የሚል ደብዳቤ እንዲፈርም የሚደረግበት ልማድ አለ። ይህ ሐሰት ነው፤ ዕጣው በመጀመሪያ ዙር የወጣለት ሰው የቀሩትን ዙሮች ሁሉ ይከፍላልና በእውነቱ ብድር ነው የያዘው፤ በመጨረሻ የወጣለት ግን የራሱን ቁጠባ ነው የተቀበለው። ስለዚህ ቤት ለመግዛት የሚያስብ ዕጣውን ወደ መጨረሻ አስደርጎ፣ ገንዘቡንም ብድሩን ከመጠየቁ ብዙ ወራት በፊት በባንክ አስገብቶ ይጠብቅ፤ ክፍያውንም በየወሩ በቼክ ያድርግ። ኤፍ ኤች ኤ በሚባለው የፌደራል መንግሥት የቤት ብድር ዋስትና የሚበደር፣ የክሬዲት ነጥቡ 580 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የዋጋውን 3.5 በመቶ ይዞ መግባት ይችላል፤ ሆኖም ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ቀለሙ የተላጠ ከሆነ ሳይጠገን ብድሩ አይፈቀድም። በ1973 የተቋቋመው የኮሎራዶ የቤቶችና የገንዘብ ባለሥልጣን ደግሞ የገዢዎችን ትምህርት ለወሰደ ሰው የቅድሚያ ክፍያ እርዳታ አለው። ትምህርቱን የንቀት ሳይሆን የምክር ሰዓት አድርጋችሁ ውሰዱት።

የሰፈሩ መጪ ዘመንም ከዋጋው ውስጥ አለ። በኮልፋክስ መሐል የራሱ መስመር ያለው ፈጣን አውቶቡስ እንዲሄድ ሥራው በ2024 ተጀምሯል፤ ጎዳናው ይቆፈራል፣ ነጋዴው ያማርራል፣ ሲያልቅ ደግሞ የቤት ዋጋ ከፍ ሊልና ተከራዮቹ የሀገራችን ሰዎች ወደ ዳር ሊገፉ ይችላሉ። ለባለቤት ግን በዚያው ዓመት የወጣው የኮሎራዶ ሕግ ከተሞች በግቢ ውስጥ ተጨማሪ ትንሽ ቤት መሥራትን እንዲፈቅዱ ስላዘዘ፣ ከኋላዋ የጓሮ መንገድ ያላት አሮጌ ግቢ ከዋጋዋ በላይ ትሆናለች። በዚያው ዓመት በወጣ ሌላ ሕግ ከተሞች በአንድ ቤት የሚኖሩትን ሰዎች በዝምድና እየለኩ እንዳይገድቡ ተከልክለዋል፤ የአክስት ልጅ የሚሉት ዝምድና ለማያውቅ ሕግ ይህ ትልቅ ማስተዋል ነው።

ስለ ሻጮቹ የራሴን አሳብ ሳልደብቅ ልናገር። በስድስት ወር ውስጥ ተገዝቶ፣ ተቀብቶ፣ ተመልሶ ለገበያ ከቀረበ ቤት ይልቅ፣ አንድ ቤተሰብ አርባ ዓመት የኖረበትን፣ ማድ ቤቱ ገና የ1950ዎቹ አረንጓዴ ንጣፍ ያለበትን፣ መጋረጃው የደበዘዘውን ቤት እመርጣለሁ። የመጀመሪያው የታየውን አስተካክሏል፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የማይታየውን አስተካክሏል። ለዚህም ነው በማስታወቂያ ሥዕሉ የማያምር ቤት ገበያው ሲያልፈው ልብ ያለው ገዢ ቆሞ የሚያየው።

በመግቢያዬ ላይ የተውኳቸው ባልና ሚስትም ቱቦው እንዲለወጥ ወይም ዋጋው እንዲቀነስ ጠየቁ፤ ሻጩ ሌላ ገዢ አለኝ ብሎ እምቢ አለ። በኮሎራዶ ውል የመመርመሪያው ቀን ሳያልፍ የተወ ሰው ቀብዱን መልሶ ይወስዳልና፣ ቀኑ ሳያልፍ ተዉት። ከሁለት ወር በኋላ ከጎዳናው ማዶ በሰሜን፣ በዕድሜ ከፊተኛው በስድስት ዓመት የሚበልጥ ሌላ ቤት ሊያዩ ሄዱ፤ እኔም እንደ ፊተኛው ተከተልኳቸው። ባለቤቷ አሮጊት ወደ ልጃቸው ሊሄዱ ተነሥተዋል። ማድ ቤቱ አላማረም፤ የቁም ሣጥኑ በር ተሰብሮ በገመድ ታስሯል። ሚስትየዋ ግን ማድ ቤቱን ዘወር ብላ ሳታየው ወደ ቤዝመንት ወረደችና የፍሳሹ ቱቦ አፍ የት እንዳለ ጠየቀች። አሮጊቷ ፈገግ ብለው ከደረጃው ሥር የጫማ ሣጥን ሳቡ፤ በውስጡ በላስቲክ የታሰሩ ደረሰኞች ነበሩ፤ የጣሪያው፣ የውኃ ማሞቂያው፣ የሽቦው ሳጥን፣ ከሥራቸውም ቱቦው እስከ መንገዱ የተለወጠበት፣ የከተማው ተቆጣጣሪ የፈረመበት ወረቀት። ባልየው ደረሰኙን ሲያነብ ሚስቱ በቤዝመንቱ ጥግ ቆማ ግድግዳውን በክንዷ ትለካ ነበር። ምጣዱ የሚቆምበትን ቦታ ነበር የምትለካው።